የገዛነው ኮምፒውተር በማን ቋንቋ ይናገራል?

የጥናት ዐምድ፦ ከጅዳና ከመካ



እንደሚታወቀው በጅዳም ሆነ በመካ የምንማር ኢትዮጵያውያን ያለ ኮምፒውተር የምንፈጽመው የትምህርት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ምዝገባው፣ የቤት ሥራው፣ የመመረቂያው ጽሑፍ በዚሁ መሣሪያ ያልፋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከሱቅ ወጥቶ እጃችን ሲገባ ስለ እኛ አስቀድመው የተወሰኑ ብዙ ነገሮችን ይዞ ነው የሚመጣው። ቋንቋው ዐረብኛ ነው፤ ዘመኑ ሂጅሪ ነው፤ አኀዙም አንዳንድ ጊዜ በዐረብኛ ጽሕፈት የምናየው ቅርጽ ነው። የእኛ ፊደል ግን ከሰሌዳው ላይ የለም። ብዙዎቻችንም ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለን ለወላጆቻችን የምንጽፈውን ደብዳቤ፣ ለማኅበራችን የምናዘጋጀውን ቃለ ጉባኤ ሳይቀር በላቲን ፊደል እንጽፋለን።

ዐረብኛ የምንማርበት ቋንቋ ስለሆነ ከኮምፒውተራችን ይውጣ አንልም። የምንለው፣ በፋብሪካ ወይም በሱቅ የተደረገ ቅንብር የሰው ውሳኔ ነው፤ ሰው የወሰነውን ደግሞ ባለቤቱ ሊለውጠው ይችላል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ያህል ጊዜና ማስተካከያው የተቀመጠበትን ቦታ ማወቅ ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናብራራው አብዛኞቻችን የምንጠቀምበትን ዊንዶውስ የተባለውን ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም ነው።

፩. ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር እንዴት ገባ?

የኮምፒውተር ፊደል አሠራር መጀመሪያ የተዘረጋው ለእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞችን የሠሩት ወገኖቻችን ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙት በብልሃት ነው፤ ይኸውም ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ መሳል ነበር። ጽሑፉ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ያው ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ልዩ ልዩ ድርጅቶችም የየራሳቸውን አደላደል ስለተከተሉ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር።

ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ሲሆን፣ በዋናው ክፍል ለ384 ምልክቶች የሚሆን ቦታ ተይዞለታል። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010ና በ2021 ደግሞ ለሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ሆሄያት ገብተዋል። ዊንዶውስ አማርኛን ያለ ሌላ ፕሮግራም ማሳየትና ማስጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ ወዲህ በተሠራ ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ተደብቆ ተቀምጧል ማለት ነው። የቀረን ማውጣት ብቻ ነው።

፪. የስክሪኑ ቋንቋ

በጅዳ በፍልስጤን ጎዳና ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች የገዛነው መሣሪያ ሁሉን ነገር በዐረብኛ ቢያሳይ፣ ምናሌውም ከቀኝ ወደ ግራ ቢዞር አንደናገጥ። የዊንዶውስን ቁልፍና የ«አይ»ን ቁልፍ አብረን ስንጫን የቅንብር ገጹ በየትኛውም ቋንቋ ይከፈታል። ከዚያ የሰዓት ምልክት ያለበትን፣ በዐረብኛ «አልወቅት ወልሉጋ» የሚለውን፣ ማለትም ጊዜና ቋንቋ የተባለውን ክፍል እንመርጣለን። ቋንቋ በሚለው ሥር «ቋንቋ ጨምር» የሚለውን ተጭነን አማርኛን ስንፈልግ ከነፊደሉ ተጽፎ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ የአማርኛው ገጽታ የሚጫነው በእንግሊዝኛው ላይ እንደ ሽፋን ሆኖ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ መልእክት በእንግሊዝኛ ቢቀር ተበላሸ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መሣሪያ የሚሸጠው «ሲንግል ላንጉዌጅ» ከተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ጋር ነው። ይህ ዓይነት የስክሪኑን ቋንቋ መለወጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ስለ ኮምፒውተሩ መግለጫ የሚሰጠውን ገጽ ከፍተን የዊንዶውሱን ሙሉ ስም እናንብብ። ቀድሞ የገዛ ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ስክሪኑ ባይለወጥም የአማርኛ መጻፊያ መጨመር በዚህም ዓይነት ላይ ይቻላል።

፫. የቁልፍ ሰሌዳ

አማርኛን በቋንቋነት ስንጨምር መጻፊያውም አብሮ ይመጣል። አሠራሩ በድምፅ ነው፤ ተነባቢውን መትተን አናባቢውን እናስከትላለን። የ«ኤስ»ን ቁልፍ ስንመታ «ስ»፣ ቀጥለን የ«ዩ»ን ቁልፍ ስንመታ «ሱ» ይሆናል። በዚህ መንገድ ለአንድ ሳምንት የተለማመደ ሰው በላቲን ከሚጽፈው ባልተናነሰ ፍጥነት ይጽፋል። የዊንዶውሱ መጻፊያ ያልተስማማው ኪማን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ከአማርኛ ሰሌዳዎቹ አንዱን መምረጥ ይችላል።

የኛ ልዩ ችግር በሦስት ቋንቋዎች መሥራታችን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘን የባዶ ቦታውን ቁልፍ እንመታለን፤ ግን ሦስቱን በየተራ መዞር ያሰለቻል፣ ያሳስታልም። ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት መፍትሔ አለ። በጊዜና ቋንቋ ክፍል ውስጥ የአተያየብ ክፍሉን ከፍተን ከፍተኛ የቁልፍ ሰሌዳ ቅንብሮች ወደሚለው ስንገባ የቋንቋ አቋራጭ ቁልፎች የሚል መስመር አለ። እዚያ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ቁልፍ መስጠት ይቻላል። ለምሳሌ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘን 1 ስንመታ አማርኛ፣ 2 ስንመታ ዐረብኛ፣ 3 ስንመታ እንግሊዝኛ እንዲሆን እናድርግ። በዚያው ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ መጻፊያ የሚፈቅድ ምልክት ማድረጊያ አለ። እርሱን ስናበራ የመመረቂያ ጽሑፋችን በዐረብኛ፣ ደብዳቤያችን በአማርኛ እንደነበሩ ይቆያሉ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በላቲን ሲጻፍ «ተራ»ና «ጠራ»፣ «ቀስ»ና «ቄስ» አንድ ዓይነት ይሆናሉ። አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል እንል ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው ስም ዐውድ የለውም። ቃለ ጉባኤ፣ የውክልና ደብዳቤ፣ የመዋጮ ዝርዝር በግምት የሚነበብ ጽሑፍ መሆን አይገባውም።

፬. ፎንትና የቆዩ ጽሑፎች

ዊንዶውስ ለአማርኛ ኢብሪማና ኒያላ የተባሉ ሁለት ፎንቶች አሉት። ኒያላ ስሙን ያገኘው በሀገራችን ተራሮች ላይ ከሚኖረው ከደጋ አጋዘን ነው። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ኒያላ ሳይጫን ሊቀር ይችላል፤ ከአማራጭ መገልገያዎች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ስንመርጥ ይመጣል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉትም በነጻ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው።

በእጃችን ያለ የቆየ ጽሑፍ በትክክለኛው ዩኒኮድ መጻፉን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ጽሑፉን በሙሉ መርጠን ፎንቱን ወደ ኢብሪማ እንለውጥ። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ፊደላት ክምር ከተለወጠ በድሮው ብልሃት የተጻፈ ነውና ዋናው ፎንት ሳይጠፋ መገልበጥ ወይም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። የማኅበር ሰነድ የያዙ አባላት ይህን ሥራ ዛሬ ነገ ባይሉት መልካም ነው።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሰማም። ለእርሱ «ሰ»ና «ሠ»፣ «ሀ»ና «ሐ» ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሠራተኛ» ብለን ያስቀመጥነውን ፋይል «ሰራተኛ» ብለን ብንፈልገው ላናገኘው እንችላለን። ስለዚህ ቢያንስ በፋይል ስም ላይ አንድ አጻጻፍ መርጠን እንጽና።

፭. ሦስት ዘመን፣ ሁለት ሰዓት

በሳዑዲ ዐረቢያ ቅንብር የሚሠራ ዊንዶውስ ቀኑን የሚቆጥረው በኡሙል ቁራ ካላንደር ነው። የሂጅሪ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። የሳዑዲ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቢያዞርም፣ ሂጅሪው በሰነዶች ላይ ዛሬም ይሠራል። ለምሳሌ የእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ በሂጅሪ ደግሞ በረቢዕ አልአወል ወር 1447 ውስጥ የዋለ ቀን ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለብጥ የሚሳሳት ሰው የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በጊዜና ቋንቋ ክፍል ውስጥ የአካባቢ አጻጻፍ የሚለውን ከፍተን ካላንደሩን ወደ ጎርጎርዮሳዊው እንለውጥ። ስንለውጥም የእንግሊዝን አጻጻፍ ብንመርጥ ቀኑ ከወሩ ይቀድማል። የአሜሪካውን ከመረጥን ግን ወሩ ስለሚቀድም 3/5 ሲባል ማርች 5 ይሆናል። የቁጥሮቹም ቅርጽ ካስቸገረን በዚያው በተጨማሪ ቅንብሮች ውስጥ የሀገሩን አኀዝ ተጠቀም የሚለውን «ፈጽሞ» ወደሚለው እናዙር። በፋይል ስም ላይ ደግሞ ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን እናስቀድም፤ ፋይሎቹ ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ስለ ሰዓት ደግሞ ደስ የሚል ብልሃት አለ። ጅዳና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። እኛ ከንጋቱ ስለምንጀምር የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ዊንዶውስ ከዋናው ሰዓት ሌላ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶችን ለማሳየት ይፈቅዳል። ከእነዚህ አንዱን በቦነስ አይረስ ከተማ ሰዓት ሞልተን ስሙን «የሀገር ቤት ሰዓት» እንበለው። ቦነስ አይረስ ከጅዳ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናትና፣ በጅዳ ከጠዋቱ 7 ሲሆን እርሷ 1 ትላለች፤ በጅዳ ከምሽቱ 8 ሲሆን 2 ትላለች። ሰዓቱ በ12 ሰዓት አቆጣጠር እንዲታይ ካደረግን፣ «ኤኤም» የሚለው ቀናችን፣ «ፒኤም» የሚለው ሌሊታችን ይሆናል። ማውሱን በሰዓቱ ላይ ስናሳርፍ እናቶቻችን የሚሉትን ሰዓት እናያለን።

፮. የጋራና ያገለገለ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር የሚረሳው ነገር ጥቂት ነው። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ወይም በጓደኛ ኮምፒውተር ላይ የፓስፖርት ቅጂ የከፈተ ሰው ሲነሣ የሚከተሉትን ይፈጽም።

ሀ) ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከተነሣ የዊንዶውስንና የ«ኤል»ን ቁልፍ ተጭኖ ይቆልፍ፤ ከጨረሰ ግን ከገባበት ሁሉ ይውጣ።

ለ) የዊንዶውስንና የ«ቪ»ን ቁልፍ ይጫን። የተገለበጡ ጽሑፎች መዝገብ በርቶ ከሆነ ቀድሞ የገለበጠውን ሁሉ ያሳያል፤ ሁሉንም አጥፋ ይበለው።

ሐ) ወደ ኮምፒውተሩ የወረዱትን ፋይሎች ይሰርዝ፤ የቆሻሻ መጣያውንም ባዶ ያድርግ።

ያገለገለ ኮምፒውተር የምንገዛም የምንሸጥም ብንሆን፣ መልሶ ማቋቋም ከሚለው ገጽ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚጀምረውን እንምረጥ። ዕድሜውንም እናጣራ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም ለማይችል አሮጌ መሣሪያ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ጥሩ መሸሸጊያ ነው። በእርሱም ላይ አማርኛ አለ፤ «ሴራ» በተባለው፣ ወገኖቻችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የድምፅ አጻጻፍ መጻፍ ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በአንድ ቀን መፈጸም ግድ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ይህ ቢሆን እንመክራለን፦ በመጀመሪያ መጻፊያውን፣ ቀጥሎ ካላንደሩን፣ ከዚያ የቆዩ ሰነዶችን። የሠራ አባል ላልሠራው አንድ ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ያሳየው፤ ይልቁንም አዲስ ለመጡት፣ ኮምፒውተሩ የመጀመሪያቸው ለሆነው። ለሚቀጥለው እትም የምትልኩልንን ጽሑፍም በግዕዝ ፊደል፣ በዩኒኮድ ጽፋችሁ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። መጀመሪያ ላይ ቢያዘገያችሁ ግድ የለም፤ እንጠብቃለን።