በፑል ውድድር ብርቱንና ጀማሪን ስለ ማመዛዘን

የፑል ቤት ገቢ የሚጸናው በጥቂት ብርቱዎች ሳይሆን በብዙኃኑ ተጫዋች ነው፡፡ ጀማሪው ዘወትር ከተሸነፈ ይቀራል፤ ገበያውም አብሮት ይቀራል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ የተጀመረው የአማተሮች ሊግ፣ ኤ.ፒ.ኤ.፣ ለዚህ መላ አበጅቷል፡፡ በኤይት ቦል ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 7 የችሎታ ደረጃ ይሰጣል፡፡ ባለ 7 ከባለ 2 ሲገጥም፣ ለማሸነፍ ብርቱው 7 ጨዋታ ማግኘት ሲኖርበት ለጀማሪው 2 ይበቃዋል፡፡ የአምስቱ ተሰላፊዎች ደረጃ ድምርም ከ23 እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ፣ ጀማሪው በቡድኑ ተፈላጊ ይሆናል፡፡

ነገር ግን ደረጃው ዝቅ እንዲል ችሎታውን የሚሸሽግ ተጫዋች ሚዛን ከሚያጎድል ነጋዴ አይለይም፡፡ ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች የተራውን ብዛትና ኳስ ለማስገባት ሳይታሰብ የተመታውን ምት በየበኩላቸው ይመዝግቡ፡፡ መዝገቡ ካልታመነ ደረጃው አይታመንም፡፡