ዲስክ ያለው ቴሌፎን በአዲስ መስመር ላይ

ባለፈው ክረምት ቦንጋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ቴሌፎናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡንና «ልጆቼ፥ ይህ ነገር ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ሰው ጥራልኝ ሲሉት ግን እንቢ አለኝ» አሉን። ከአዲስ አበባ ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት፥ ቁጥሩ በጣት እየዞረ የሚደወልበት ዕቃ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የእጅ ስልኩ መስተዋት ለጣታቸው ምንም አይነግረውም፤ የዲስኩን ቀዳዳዎች ግን በጨለማም ቆጥረው ያገኟቸዋል። ጅማ ላለችው ልጃቸው በደወሉ ቁጥር የጎረቤት ልጅ መለመን አሰልችቷቸዋል።

እኛም ቴሌፎኑ የተበላሸ መስሎን ሁለት ቀን ሙሉ ፈታነው። የካፋ ዝናብና እርጥበት መገናኛዎቹን አረንጓዴ አልብሷቸው ስለ ነበረ በደረቅ ወረቀት ጠረግናቸው። ልፋታችን ለዋናው ችግር አልጠቀመም። ስሕተታችን አሠራሩን ከማጥናታችን በፊት መፍታታችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መነጋገሪያው ተቀምጦ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ያህል አለ፤ ሲነሣ ሽቦዎቹ በስልኩ ውስጥ ይገናኙና ኤሌክትሪኩ ይፈስሳል። ዲስኩ ሲሳብ ቁጥር አይልክም፤ ሥራው የሚጀምረው ሲለቀቅ ነው። ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩን ይቆራርጠዋል፤ ለ3 ሦስት ጊዜ፥ ለ9 ዘጠኝ ጊዜ፥ ለ0 ዐሥር ጊዜ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ዐሥር ያህል ነው። እንግዲህ «09» ለማለት ብቻ መስመሩ 19 ጊዜ ይቆረጣል ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም አውቶማቲክ ጣቢያዎች ይህንኑ ቆረጣ ይቆጥሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ባለ ቁልፍ ስልክ ግን የሚናገረው በድምፅ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ ባንድነት ያሰማል፤ ለምሳሌ 5 ሲነካ 770 እና 1336 ኸርዝ። የዛሬዎቹ የቤት ሳጥኖች ብዙዎቹ ይህን ብቻ ያዳምጣሉ። ከእኛም መካከል ከሌላ አገር የመጣነው በመጀመሪያው ሳምንት ካፊ ኖኖ ሳናውቅ ቦንጋ ገበያ ወርደን የደረሰብን ይኸው ነው፤ ሻጩም ጤነኛ፥ ገዢውም ጤነኛ፥ የጠፋው አስተርጓሚ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ መነጋገሪያውን አንሥታችሁ አንድ ቁጥር አዙሩ። የመደወያው ድምፅ ከተቋረጠ ሳጥኑ መቁጠር ያውቃል። ሳይቋረጥ ከቀጠለ አያውቅም፤ ቢሆንም በአንዳንድ ሳጥን ውስጥ ቆጠራው ተዘግቶ ስለሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። የእኛው ጨርሶ አያውቅም ነበርና ቆረጣውን ቆጥራ ወደ ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ሰሌዳ አስመጥተን በቴሌፎኑና በሳጥኑ መካከል አገባናት።

ስለ ደወሉም ጥቂት እንበል። ደወሉ ከመስመሩ ጋር የሚያያዘው በካፓሲተር በኩል ነው፤ ካፓሲተሩን ነቅሎ ደወሉን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ያገናኘ ሰው ሳጥኑን «መነጋገሪያው ተነሥቷል» ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ጥሪ ሲመጣ በሽቦው ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚደርስ፥ አንዱ ጓደኛችን እንዳደረገው ባዶ ሽቦ ይዞ «እስቲ ደውሉልኝ» ማለት አይገባም። ሳጥኑ ጉልበቱ አነስተኛ ሆኖ ደወሉ በደከመ ጊዜም ጽዋዎቹን ወደ መዶሻዋ ጥቂት አስጠጋናቸው፤ ጮኸ።

አንድ ጉድለት ግን አልተወገደም። ጥንት ቴሌፎኑ ኃይሉን የሚያገኘው ከጣቢያው ባትሪ በሽቦው በኩል ስለ ነበረ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የዛሬው ሳጥን ከቤቱ መብራት ጋር አብሮ ይሞታል፤ መፍትሔውም ከሳጥኑ ቮልት ጋር የሚስማማ ባትሪ ማያያዝ ነው። ይህን ለሽማግሌው ብንነግራቸው «ባትሪውን ነገ አምጡ» አሉንና ወደ ዲስኩ ዞሩ። ዐሥሩን ቁጥር ያለ ማንም እርዳታ አዙረው ሲጨርሱ በእጃቸው ምልክት ሰጡን፤ እኛም ወደ ውጭ ወጣን።