ደጁ ሳይከፈት የተዘመረ መዝሙር

ንባብ፦ መዝሙር 137፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥19-34

የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶን ስም የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የቀድሞ ካሴቶቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዕግሥት የሚያደምጥ ግን እየጠፋ ሄዷል። እነዚህ ካሴቶች እንደ ገና ሊደመጡ የሚገባቸው ስለ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

1ኛ/ ከየት መጡ?
የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተዘጉ። ካሴት ግን በኪስ ይያዛል፤ ከአንዱም ወደ ሌላው ይገለበጣልና ዝማሬው ከቤት ወደ ቤት አለፈ። በዚያ ዘመን የሲዳማ ተወላጅ የሆነው ተስፋዬ ስለ እምነቱ ታስሮ ሰባት ዓመት በይርጋዓለም ወኅኒ ኖረ፤ በእስራቱም ሳለ መዝሙር መድረሱን አልተወም።

2ኛ/ ምን ያስተምራሉ?
ጳውሎስና ሲላስ በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ የወኅኒው ደጅ በዚያው ሌሊት ተከፈተ። ተስፋዬ ሲዘምር ግን ደጁ ሰባት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ቆየ። እንግዲህ እግዚአብሔር የሚመሰገነው ደጅ ስለ ከፈተ ብቻ አይደለም፤ በተዘጋው ደጅ ውስጥም ከሰው ጋር ስላለ ነው።

3ኛ/ ለማን ያስፈልጋሉ?
ከመተማ ድንበር ማዶ የማሽላና የሰሊጥ አገር የሆነው ገዳሪፍ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ በዚያ ያለው የኡም ራኩባ ሰፈር ከአገራችን የተሰደዱትን ተቀበለ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደ ገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን በራሷ ጦርነት ተነሣ፤ ስደተኛውም በስደት አገሩ ሳለ ሌላ ስደት ደረሰበት። እንዲህ ላለ ሰው «ነገ ትወጣለህ» የሚል ዝማሬ ብቻ ብንሰጠው፣ ነገ መጥቶ ሳይወጣ በቀረ ጊዜ መዝሙሩ ይከዳዋል። በወኅኒ የተደረሰው ግን ቀን ሳይቈርጥ አብሮት ይጠብቃል።

ስለዚህ የመዘምራን መሪዎች ሆይ፤ በየቤቱ የቀሩትን ካሴቶች ክሩ ሳይበላሽ ሰብስቡና አስገልብጡ። ለወጣቶችም የተደረሱበትን ዘመን እየነገራችሁ አስተምሩ። በጉባኤም ከደስታው ዝማሬ ጋር አንድ የመጠበቅ መዝሙር ይኑር።

ለጥናት፦
ሀ/ በጉባኤያችን ከሚዘመሩት መካከል፣ መልስ ላላገኘ ሰው የሚሆን መዝሙር የትኛው ነው?
ለ/ በስደት ላለ ዘመዳችን ብንልክለት የምንመርጠው የትኛውን ነው? ስለ ምን?