ከባድ ብርድ ልብስ በድሬ ሙቀት፦ እንቅልፍ ላጡ ተማሪዎች



የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ዘንድ ደጋግመን የምንሰማው ወሬ የእንቅልፍ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ዶርሙ ጸጥ ይላል፣ ልብ ግን ይመታል፤ ያልተነበበው ምዕራፍና ቤተሰብ የሚጠብቀው ውጤት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ በየስልካችን የሚዘዋወር አንድ መፍትሔ አለ፦ ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ውስጡ በደቃቅ የመስታወት ጠጠር የተሞላ ብርድ ልብስ። ለብሶት የተኛ ሰው ይረጋጋል ይባላል። እውነት ነው ወይ? ድሬዳዋ ላይስ ያስኬዳል ወይ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰውነት በእኩል ሲጫኑት ይረጋጋል የሚለውን አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን ገና በወጣትነቷ ሞክራዋለች። ኦቲዝም ያለባት ናት። ከብቶች ለክትባት በጎንና ጎን በሚይዝ ማቆያ ውስጥ ሲገቡ ሲረጋጉ አይታ፣ ለራሷ ሰውነትን የሚጫን መሣሪያ ሠራች። እኛም በታሪካችን የምናውቀው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒራ ዋሻ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ እንዲሸፍኗቸው ጠየቁ፤ ድንጋጤው እስኪለቃቸው ድረስም ተሸፈኑ። ይህን ያነሳነው ሐዲሱ ስለ ብርድ ልብስ ክብደት ይናገራል ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ ስታዩ ተጠንቀቁ። የደነገጠ ሰው መሸፈን መፈለጉ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

ወደ ጥናቱ ስንመጣ፣ በብዛት የሚጠቀሰው በስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ነው። የመንፈስ ጭንቀት፣ ባይፖላር፣ የትኩረት ማነስ ወይም የማያቋርጥ ስጋት ያለባቸውና እንቅልፍ ያጡ 120 ሰዎች ለ4 ሳምንት ተከታተሉ። ግማሹ የብረት ሰንሰለት የተሰፋበት 8 ኪሎ ብርድ ልብስ (ለከበደው 6 ኪሎ)፣ ግማሹ 1.5 ኪሎ ቀላል ተሰጠው። በከባዱ ከተኙት ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት የእንቅልፍ ችግራቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ፤ በቀላሉ ከተኙት ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ። በሌላ በኩል በእንግሊዝ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት የእንቅልፉ ርዝመት አልተለወጠም ብሏል፤ ልጆቹና ወላጆቹ ግን ከባዱን መርጠዋል። እኛ የምናነበው እንዲህ ነው፦ አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ ሁሉንም አይደለም። በተጨማሪም የተለበሰው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ለባሹ ራሱ ስለሚያውቅ፣ ተስፋው የሠራውንና ክብደቱ የሠራውን ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ድሬ። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ የብሎኩ ግድግዳ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት በመጠኑ መውረድ አለበት። ስዊድናዊው በክረምት የሚለብሰውን ፖሊስተር እዚህ የለበሰ፣ ከጭንቀቱ ሳይገላገል በላብ ይጠመቃል። ጋቢም ቢሆን ለሐረር ብርድ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ አራት እጥፉ ያሞቃል እንጂ ያን ያህል አይከብድም። በሽርጥ ለሚተኛ ሰው የሚያስፈልገው ሙቀት የሌለው ክብደት ነው። ስለዚህ ምክራችን ሙሉ ብርድ ልብስ ሳይሆን አንድ ጠባብ መጫኛ ነው፤ ከወገብ በታች ጭንና እግር ላይ የሚያርፍ፣ የቀረው ሰውነት አየር የሚያገኝበት።

አሠራሩ ለልብስ ሰፊ ቀላል ነው። ከቀፊራ ወይም ከታይዋን ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ አቡጀዴ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ግዙ፤ ፖሊስተር አይሁን። 50 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ንጣፎች ከነስፌት ትርፋቸው ይቆረጡ። ሦስቱ ጎን ይሰፋና በርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ቦዮች ይውጡ። ከዚያ በየቦዩ አንድ መጠን መሙያ ታፈሳላችሁ፣ ከላዩ አግድም ይሰፋል፣ እንደገና ታፈሳላችሁ። መጨረሻ ላይ 50 ኪሶች ይኖራሉ። በእያንዳንዱ 80 ግራም ብትጨምሩ 4 ኪሎ ይሆናል። ኪሶቹን ለመዝለል አትፈተኑ፤ ካልተከፋፈለ መሙያው ሁሉ አንድ ጥግ ይከማቻል።

መሙያው ምን ይሁን? ሩዝና በቆሎ የሚመክሩ አሉ፤ እኛ አንመክርም። ነቀዝ ይገባዋል፣ አይጥ ይስባል፣ የሚበላን ነገር መስፋትም ልብ አይፈቅድም። የደረቀ የወንዝ አሸዋ ይሻላል፤ ደቻቱ ባለበት ከተማ አሸዋ አይጠፋም። ብቻ በወንፊት ተነፍቶ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ፍጹም መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። 80 ግራም አሸዋ ከግማሽ የቡና ስኒ ትንሽ አለፍ ይላል፤ አንዱን በሱቅ ሚዛን ለኩና ስኒው ላይ ምልክት አድርጉ። አሸዋ የያዘው መታጠብ ስለማይመች የሚወልቅ ልባስ ይሰፋለት።

ክብደቱን በተመለከተ ሻጮች የሰውነትን አንድ አሥረኛ ይላሉ፤ ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 6 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ግን 3 ወይም 4 ይበቃል። መጀመሪያ ከመኝታ በፊት ተቀምጣችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ጭናችሁ ላይ ሞክሩት። አጎበሩ ፍራሽ ሥር ተወትፎ እንዲቆይም ከአልጋው ጠርዝ አታስወጡት፤ ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. ያየችውን የወባ ወረርሽኝ ያስታወሰ ተማሪ ምክንያቱን አይጠይቀንም።

አስም፣ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የደም ዝውውር ችግር ወይም እግርን የሚያደነዝዝ የስኳር በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ሐኪም ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ለሕፃናት ፈጽሞ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ኩቤክ የ9 ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሞቷል። ለእረፍት ቤት ስትሄዱ ታናናሾቻችሁ አልጋ ላይ አትተዉት። መለኪያው አጭር ነው፦ ለባሹ ራሱ በአንድ እጁ ገፍቶ መጣል መቻል አለበት።

ሳንናገረው የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ ለተቀመጠ ሰው 4 ኪሎ አሸዋ ምንም አያደርግለትም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው ሲያልፍ ዱካኩ በሌሊት ይመጣል። ያንን ለመስበር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን የሚውጡ አሉ፤ ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሰዓቱም ይቆጠር። ሱብሂ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በምሽቱ 4 ሰዓት የተኛ 7 ሰዓት ገደማ ያገኛል፣ በሌሊቱ 8 ሰዓት የተኛ ግን 3 ብቻ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻእ በኋላ ወሬ ይጠሉ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ ስልኩን ከትራስ ሥር ማውጣት ላይ ብዙ ክርክር ባላስፈለገን ነበር። ቀይሉላም ከዙህር አካባቢ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ብትሆን የሌሊቱን አትሻማም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ወይም መኖር የሰለቸው ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ጉዳዩ ከልብስ ሰፊ አልፏል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያረጋጋቸው ልብሱ ብቻ አልነበረም፤ ኸዲጃ (ረ.ዐ) አጠገባቸው ነበሩ፣ አነጋገሯቸው፣ ተነሥተውም ነገሩን ወደሚያውቅ ሰው ይዘዋቸው ሄዱ። የግቢው ክሊኒክ ወደ አእምሮ ሐኪም ሪፈር ይጽፋል፤ ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ ከሶላት በኋላ ለአንዳችን ይንገረን፣ አብረነው እንሄዳለን ኢንሻአላህ።