ካልኩሌተር ከመግዛታችን በፊት
(ለሒሳብ ተማሪዎች የተዘጋጀ አጭር ትምህርት)



ትምህርት በተከፈተ ቍጥር ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የትኛውን ካልኩሌተር ልግዛ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከገበሬ ቤት ለመጣ ተማሪ ለካልኩሌተር የሚወጣው ገንዘብ ከሌላ ቦታ የተረፈ አይደለም፤ ለደብተር፣ ለፎቶ ኮፒና ለሳሙና ከተያዘው ላይ የሚቀነስ ነው። ገንዘቡ ለማያስፈልግ ነገር ቢወጣ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ኪስ ባዶ ይሆናል። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛው መሣሪያ በፈተና ቀን የተሳሳተ መልስ ቢሰጥ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል።

በአገው ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይና ሳይጋልበው ገንዘቡን አይቈጥርም። እኛም ካልኩሌተር ስንገዛ እንዲሁ ልናደርግ ይገባናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ለትምህርታችን የሚበቃው የትኛው ዐይነት ነው? ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት መደብሩ ውስጥ ምን እንፈትን? ሦስተኛ፣ ከተገዛ በኋላ እንዳያሳስተን ምን እናድርግ?

ስለ ዋጋው

እ.ኤ.አ. በ1614 ጆን ኔፒር የሚባል የስኮትላንድ ሰው የሎጋሪዝምን ሠንጠረዥ ካሳተመ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የዓለም መሐንዲሶችና ተማሪዎች ከባዱን ማባዛትና ማካፈል የሚሠሩት በሠንጠረዥና ስላይድ ሩል በሚባለው ተንሸራታች ማስመሪያ ነበር። በኪስ የሚያዝ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እርሱም ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው «ኤች ፒ 35» ሲሆን ዋጋው 395 ዶላር ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማሩት ታላላቆቻችን እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም።

ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር የኤች ፒ 35ን ሥራ ይሠራል፤ የስታቲስቲክስ ስሌትም ይጨምራል። ስለዚህ ርካሹን የገዛ ተማሪ ከሌሎች ያነሰ መሣሪያ የያዘ መስሎት ሊያፍር አይገባውም።

ይሁን እንጂ ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ የብር ዋጋው ከምንዛሪ ጋር አብሮ ይነሣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ያኽል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ሒሳብ በውጭ አገር 10 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ570 ብር ወደ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የገዛ ጓደኛ የነገረንን ዋጋ እንደ መለኪያ አንያዝ። በአንድ ቀን ሦስት መደብር ጠይቀን እናወዳድር።

ባሕር ዳር ይረክሳል ብሎ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሚነሣ ተማሪም የደርሶ መልስ የመኪና መሳፈሪያውን በካልኩሌተሩ ዋጋ ላይ ይደምር። ብዙውን ጊዜ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። አምስትና ስድስት ጓደኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው በሌላ ጕዳይ የሚሄድ ሰው ቢልኩ ግን መሳፈሪያው ለሁሉም ይከፋፈላል።

የትኛው ዐይነት ለማን ይበቃል?

ካልኩሌተር በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

ሀ) ተራው ካልኩሌተር። ይህ አራቱን መደብ ብቻ የሚሠራ የነጋዴ መሣሪያ ነው። ሳይንና ሎጋሪዝም ስለሌለው ለዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አይበቃም።

ለ) መካከለኛው ሳይንቲፊክ። ለምሳሌ «ካሲዮ ኤፍ ኤክስ 82 ኤም ኤስ» የሚባለው ከዚህ ይመደባል። መስኮቱ ሁለት መስመር አለው፤ በላይኛው የጻፍነውን፣ በታችኛው መልሱን ያሳያል። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ሎጋሪዝም፣ አርቢ፣ ዳግም ዘር፣ ክፍልፋይ፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይሠራል። ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለአካውንቲንግ፣ ለግብርና፣ ለጤናና ለአብዛኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ይህ ይበቃል።

ሐ) ከፍተኛው ሳይንቲፊክ። «ኤፍ ኤክስ 991 ኢ ኤስ ፕላስ» የሚባለውን የመሰለ ነው። ክፍልፋይንና ዳግም ዘርን በመጽሐፍ እንደሚታተመው አድርጎ ይጽፋል። ከዚህም በላይ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ያልታወቁ እኩልታዎችን ይፈታል፤ ማትሪክስና ኮምፕሌክስ ቁጥር ያሰላል፤ የኢንተግራልን ዋጋ በቁጥር ያወጣል፤ ቁጥርን ከዐሥር ቤት ወደ ሁለት ቤት ይለውጣል። ለምሕንድስና፣ ለፊዚክስና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ገንዘቡ ከተገኘ ይጠቅማል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በሳጥኑ ላይ «240 ተግባር» ወይም «417 ተግባር» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር አያታልለን። አንድ ተማሪ በዓመቱ ውስጥ ዘወትር የሚነካቸው ቁልፎች ሃያ ያኽል ቢሆኑ ነው። መምህሩም በፈተና ላይ የሚያርመው የአሠራሩን ደረጃ ነው። ካልኩሌተሩ የኢንተግራሉን የመጨረሻ ቁጥር ቢያወጣ አሠራሩን አይጽፍልንም። በሎጂክና በስብስብ ምዕራፎችማ ጭራሽ አይረዳንም። እንግዲህ የትምህርት ክፍላችን ሳይታወቅ ውዱን መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። መጀመሪያ መካከለኛውን ይዘን አንድ ዓመት እንማር። ወደ ምሕንድስና ከተመደብን ያን ጊዜ እንጨምር።

መደብር ውስጥ የሚደረግ ፈተና

በገበያ ላይ የታወቀ ፋብሪካን ስም አስመስለው፣ አንዳንዴም አንድ ፊደል ብቻ ለውጠው የሚያትሙ ካልኩሌተሮች አሉ። ከታች የተጻፉት ፈተናዎች ዐሥር ደቂቃ አይፈጁም። ባለ መደብሩን በትሕትና ፈቃድ ጠይቀን አንድ በአንድ እንሞክራቸው።

1. 1 + 2 × 3 እንጻፍ። መልሱ 7 መሆን አለበት። 9 ካለ የማባዛትን ቅድሚያ አያውቅምና እንተወው።

2. በዲግሪ ሞድ ሳይን 30 እንጠይቅ። 0.5 ይላል። በራዲያን ሞድ −0.988፣ በግራድ ሞድ ደግሞ 0.454 ያኽል ይሰጣል። ሦስቱንም በትክክል ከሰጠ ሞዱ ይሠራል ማለት ነው።

3. የ −8ን ሣልሳዊ ዘር እንጠይቅ። −2 ይላል። የ1000 ሎጋሪዝም 3 ነው።

4. የ69ን ፋክቶርያል እንጠይቅ። 1.711224524 × 10⁹⁸ ይወጣል። በተለመዱት ካልኩሌተሮች የ70 ፋክቶርያል ስሕተት ነው የሚል ምልክት ያመጣል፤ ምክንያቱም ውጤቱ ከ10¹⁰⁰ ስለሚበልጥ መሣሪያው ሊይዘው አይችልም።

5. ከ1 ÷ 3 ላይ 0.3333333333 (ዐሥር ሦስቶች) እንቀንስ። 3.3 × 10⁻¹¹ ያኽል ከሰጠ በመስኮቱ ከሚታየው በላይ የተሸሸጉ አኃዞች ይይዛል፤ ይህ መልካም ነው። ዜሮ ከሰጠ ግን የሚያሰላው የሚታየውን ብቻ ነው፤ ረዥም ስሌት ላይ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

6. በስታቲስቲክስ ሞድ 2፣ 4፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 7፣ 9 እናስገባ። አማካዩ 5 ነው። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ለጠቅላላው ሕዝብ 2፣ ለናሙና 2.138 ነው። ሁለቱ በተለያየ ቁልፍ ስለሚገኙ የትኛው የት እንዳለ እዚያው እንወቅ።

7. በዲግሪ ሞድ ከ9 ተነሥተን ሳይን፣ የውጤቱን ኮሳይን፣ የዚያን ታንጀንት እንውሰድ። ቀጥሎም በተገላቢጦሹ ታንጀንት፣ በተገላቢጦሹ ኮሳይንና በተገላቢጦሹ ሳይን ወደ ኋላ እንመለስ። ጥሩ መሣሪያ ወደ 9 እጅግ ቀርቦ ይደርሳል። ፈተናው ከባድ የሆነበት ምክንያት በመካከል የትንሽ ማዕዘን ኮሳይን ለ1 በጣም ስለሚቀርብና የመጨረሻዎቹ አኃዞች እዚያ ላይ ስለሚጠፉ ነው።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዱን ቁልፍ መንካት፣ መስኮቱን በ8 አኃዝ ሞልቶ የተሰበረ ሰረዝ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ስለ ኀይሉም እንጠይቅ። በቀጭን ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ድንጋዩ በማንኛውም ሱቅ ይገኛል። በክብ የሰዓት ባትሪ የሚሠራው ግን ባትሪው ሲያልቅ ሰዓት ሠሪ ዘንድ መሄድን ይጠይቃል።

ያገለገለ ካልኩሌተር ከተመራቂ ተማሪ መግዛት ጥሩ ብልኀት ነው። ሳይንና ሎጋሪዝም በአራት ዓመት አያረጁም። ነገር ግን የባትሪውን ክዳን ከፍተን እንይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ባትሪው ፈስሶ ሽቦውን በልቶታልና ዋጋው ቢረክስም አንግዛው።

መሣሪያው እውነተኛ ሆኖ መልሱ ሲሳሳት

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ከሐሰተኛ ካልኩሌተር የሚመጣው አይደለም። በእውነተኛው ካልኩሌተር ላይ ሞዱን ባለማየት የሚመጣው ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ባሕር ዛፍ 20 ሜትር ርቀን ቆመን ጫፉን በ35 ዲግሪ ማዕዘን አየነው እንበል። ዐይናችን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የዛፉ ቁመት

20 × ታንጀንት 35 + 1.5

ይሆናል። በዲግሪ ሞድ መልሱ 15.5 ሜትር ነው። ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ቢሆን 10.98 ሜትር ይላል፤ በግራድ ላይ ቢሆን 13.76 ሜትር። ሦስቱም የባሕር ዛፍ ቁመት ይመስላሉ! መስኮቱ ላይ ስሕተት የሚል ምልክት አይመጣም፤ ደረጃውን በትክክል የጻፈ ተማሪም ነጥቡን ያጣል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ቁልፍ ከመንካት በፊት መልሱ በየትና በየት መካከል እንደሚሆን በጭንቅላት መገመት ነው። ታንጀንት 45 አንድ ነው፤ ታንጀንት 30 ደግሞ 0.577 ነው። ስለዚህ የዛፉ ቁመት ከ13 ሜትር በላይ፣ ከ21.5 ሜትር በታች መሆን አለበት። በዚህ ግምት የራዲያኑ 10.98 ወዲያው ይወድቃል። የግራዱ 13.76 ግን ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛው መከላከያ ግድ ነው፤ ይኸውም ስሌት ከመጀመራችን በፊት ሳይን 30ን ጠይቆ 0.5 ማለቱን ማረጋገጥ ነው። ሦስት ሰከንድ ይፈጃል።

ስለ ቅንፍም አንድ ቃል እንበል። 6 ÷ 2(1 + 2) ብለን ብንጽፍ አንዱ ካልኩሌተር 9፣ ሌላው 1 ሊለን ይችላል፤ ምልክት ያልተጻፈበትን ማባዛት የሚያዩበት ሥርዐት ይለያያልና። ስለዚህ የምንፈልገውን ራሳችን በቅንፍ እንለይ። እንዲሁም −3² ብለን ስንጽፍ መልሱ −9 ነው፤ 9ን ከፈለግን (−3)² ብለን መጻፍ አለብን።

ገንዘብ ለሌለው ተማሪ

ብዙ የእጅ ስልኮች ወደ ጎን ሲዞሩ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ያሳያሉ። ለልምምድና ለቤት ሥራ ይህ በነጻ የተገኘ ነው፤ ብቻ ዲግሪ ላይ መሆኑን እንመልከት። ስልክ ግን ወደ ፈተና አዳራሽ አይገባምና ለፈተና ሊታመኑበት አይቻልም። ካልኩሌተር ራሱ በየትኛው ፈተና እንደሚፈቀድም መምህሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ታናናሾቻችን ደግሞ ውድ መሣሪያ ለመግዛት አንቸኩል። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ጀርባ የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ሠንጠረዦች ታትመው ኖረዋል። በእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ በእነዚህ ሠንጠረዦች መሥራትን ብናሳያቸው ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ያውቃሉ፤ በጭንቅላት መገመትንም ይለምዳሉ።

በመጨረሻም ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዓመቱ ተመራቂዎች ከግቢ ሲወጡ የማይፈልጉትን ካልኩሌተር ለኅብረቱ ቢሰጡ፣ ኅብረቱም ከላይ በተጻፉት ሰባት ፈተናዎች መርምሮ ለአዲስ ገቢዎች በፊርማ ቢያውስ፣ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ወላጅ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሥራው አንድ መዝገብና አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን ብቻ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከሚቀጥለው ሰኔ ጀምሮ ሊሞከር ይችላል።