ዓሣው ሲበዛ ገቢው ለምን አነሰ? የአላስካ ሳልሞን እንደ ማሳያ

ብዙዎቻችን ምርት ሲጨምር የአምራቹም ገቢ አብሮ ያድጋል ብለን እናስባለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልሆነ ከአላስካ የሳልሞን ዓሣ ተነሥቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። «ዋጋ» ስል አስጋሪው ዓሣውን ለፋብሪካ ሲያስረክብ የሚከፈለውን ነው እንጂ የሱቁን ማለቴ አይደለም። ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2022 በአላስካ ወደ 163 ሚሊዮን ሳልሞን ተይዞ ለአስጋሪዎቹ 720 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኘ። በ2023 የተያዘው ወደ 230 ሚሊዮን አሻቀበ፤ ገቢው ግን ወደ 398 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። በ2023 ከተያዘው አብዛኛው ፒንክ የሚባለው ትንሹና ርካሹ ዝርያ ስለሆነ ጠቅላላ ድምሩ ያሳስታል። ልክ ነው። እንግዲያው አንድ ዝርያ ብቻ ነጥለን እንይ። በብሪስቶል ቤይ የሶካይ ሳልሞን መነሻ ዋጋ በ2022 በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው) 1.15 ዶላር ነበር፤ በ2023 ግን 50 ሳንቲም ሆነ። ቦታው ያው፣ ዓሣው ያው፣ ዋጋው ግን ከግማሽ በታች!

ምክንያቱ ምንድን ነው? በ2022 በብሪስቶል ቤይ ብቻ ወደ 60 ሚሊዮን ሶካይ ስለተያዘ ያልተሸጠው ክምችት በማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀጣዩ ዓመት ተረፈ። የጃፓን የን በመዳከሙ ለጃፓን ገዢዎች ዓሣው ተወደደ። ሩሲያም በ2023 ብዙ ሳልሞን ይዛ ገበያውን አጥለቀለቀችው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1988 በብሪስቶል ቤይ ዋጋው ከ2 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2001 ወደ 42 ሳንቲም ወርዷል። በመካከሉ የኖርዌይና የቺሊ እርባታ ሳልሞን ገበያውን ወረረው። አላስካ በ1990 ዓሣ ማርባትን በሕግ ከለከለች፤ ሕጉ ግን ሌላ አገር የረባው ዓሣ ዋጋ እንዳይሰብር ሊያደርግ አይችልም።

ጉዳቱ የሚያርፈው በአስጋሪው ላይ ነው። ጀልባና የማስገሪያ ፈቃድ በብድር የገዛ ሰው ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው አብሮ አይወድቅለትም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጥናት ስንሠራ የተያዘውን ቶን ብቻ ቆጥረን «ዘርፉ አደገ» አንበል። ዝርያውን፣ ክምችቱንና የምንዛሪውን ነገር አብረን እንመርምር።