ሁለት ባሕር፣ አንድ ነፋስ

በግሪክ የሮድስ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሮድስ ከተማ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ፕራሶኒሲ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከትልቁ ደሴት ጋር የሚያያይዛት አሸዋ ብቻ ነው። በበጋ ሰው በእግሩ ይሻገራል፤ በክረምት ግን ባሕሩ ከፍ ሲል አሸዋው ይሰጥማል፣ ፕራሶኒሲም ለብቻዋ ትቀራለች። ማዕበል ከምሮ የሠራውን፣ ደሴትን ከየብስ የሚያገናኝ እንዲህ ያለ የአሸዋ ድልድይ የመልክዓ ምድር ምሁራን «ቶምቦሎ» ይሉታል። በጋና ክረምት ስል የግሪኮቹን ማለቴ ነው፤ የእነሱ በጋ የሚበረታው በእኛ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ወቅት ነው። ይህን ያስታውሱት፣ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን በሐምሌ አንድ ቀን ከአሸዋው መሐል እንደቆሙ ያስቡ፤ ፊትዎ ወደ ትንሿ ደሴት ነው። በቀኝዎ የኤጂያን ባሕር አለ፤ ማዕበሉ አረፋ እየደፋ አሸዋውን ይመታል። በግራዎ የሜዲትራኒያን ውኃ አለ፤ ነፋሱ ላዩን ያጨማድደዋል እንጂ ማዕበል አያነሣበትም። በሁለቱ መካከል ያለው የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ የሚነፍሰውም አንድ ነፋስ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ማዕበል ለመወለድ ሦስት ነገር ይሻል፦ የነፋስ ኃይል፣ ጊዜ እና ርቀት። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ርቀቱ ነው። ነፋስ ሳይቋረጥ በውኃ ላይ የሚሄድበትን ርዝመት «መንደርደሪያ» ብለን እንጥራው፤ ዘላይ ከመዝለሉ በፊት እንደሚንደረደርበት ሜዳ ማለት ነው። በፕራሶኒሲ ነፋሱ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። በቀኝ በኩል ረጅም ባሕር አቋርጦ ስለሚደርስ ማዕበሉን አሳድጎ ያመጣዋል። በግራ በኩል ግን ውኃውን የሚያገኘው አሸዋውን ከተሻገረ በኋላ ነው፤ መንደርደሪያው ገና ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ በሰሌዳና በሸራ ውኃ ላይ ለመንሸራተት ከሚመጡት መካከል ልምድ ያለው ሰው ማዕበል ፍለጋ ወደ ቀኝ፣ ጀማሪው ወደ ግራ ይሄዳል።

የዚህ ነፋስ ስም ሜልቴሚ ነው። የጥንት ግሪኮች «ኤቴሲያይ» ይሉት ነበር፤ በየዓመቱ የሚመለስ ማለት ነው። በበጋ በባልካን አገሮች ላይ ከባድ አየር ይተኛል፤ በቱርክ ምድር ላይ ደግሞ አየሩ ሞቆ ይቀላል። አየር ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይፈስሳል፤ ነገር ግን ምድር ስለምትሽከረከር በቀጥታ አይሄድም፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወደ ቀኙ ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን ይወርድና ሮድስ አካባቢ ሲደርስ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። እዚያ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአታቪሮስ ተራራ ይጠብቀዋል። ተራራውን ለማለፍ የሚከብደው አየር በደሴቲቱ ጫፍ ዞሮ ይሾልካል፤ ሰፊ ወንዝ ጠባብ ገደል ሲገባ እንደሚፈጥን እሱም ይፈጥናል። ፕራሶኒሲ ያለችው ልክ እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

ያቆየነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በቱርክ ላይ ያለው ቀላል አየር ብቻውን የቆመ አይደለም፤ ከሕንድ ተነሥቶ እስከዚያ ድረስ የተዘረጋው የእስያ የበጋ ሙቀት ጫፍ ነው። የሕንድን የሞንሱን ዝናብ የሚያመጣው ይኸው ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በዝናብ የሚርሰውና ሜልቴሚ የሚበረታው በአንድ ወቅት ነው። ይህን መገጣጠም ጥንታውያን ግሪኮችም አይተውት ነበር። አንዳንዶቹ ዓባይ በግብፅ የሚሞላው ይህ ነፋስ በወንዙ አፍ ላይ እየገፋ ውኃው ወደ ባሕር እንዳይገባ ስለሚከለክለው ነው አሉ። ሄሮዶቱስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የታሪክ ሰው፣ አልተቀበለውም፦ ነፋሱ ባልነፈሰባቸው ዓመታትም ዓባይ ይሞላል፣ ከነፋሱ በተቃራኒ የሚፈስሱ ሌሎች ወንዞችም እንዲህ አይሆኑም ሲል ተከራከረ። የራሱ ማብራሪያ ግን ልክ አልነበረም፤ መልሱ በእኛ ተራሮች ላይ ይዘንብ ነበር።

ወደ ውኃው እንመለስ። የባሕር ሰዎች ነፋስን የሚለኩት በ«ኖት» ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ 10 ኖት ገደማ ይበቃዋል። ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ሸራውን የሚገፋው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል፤ የ20 ኖት ነፋስ ከ10 ኖት ነፋስ በአራት እጥፍ ኃይል ይገፋል። ነፋሱ ሲበረታ ባለሙያዎቹ ሸራውን በትንሽ ሸራ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ዓይንዎ ይበቃል፦ ባሕሩ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ መታየት ከጀመረ ለመጀመሪያ ትምህርት ልኩ እያለፈ ነው። ሜልቴሚ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጀማሪ ጠዋት ቢገባ ይሻለዋል።

በዊንድሰርፊንግ የሚቆሙበት ሰሌዳና በእጅ የሚይዙት ሸራ አለ፤ በካይትሰርፊንግ ሸራው ሰማይ ላይ ይንሳፈፋል፣ እርስዎ በገመድ ይጎተታሉ። የሁለቱም ምስጢር አንድ ነው። ብዙ ሰው ነፋስ ሸራን ከኋላ ገፍቶ የሚወስድ ብቻ ይመስለዋል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ግን ሸራው እንደ ወፍ ክንፍ አየሩን ይጠመዝዘዋል፣ በምላሹም ወደ ጎንና ወደ ፊት ይሳባል። ከሰሌዳው ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ የወጣችው ስለት ደግሞ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። ከሎሚ የወጣች እርጥብ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርገው ይጫኗት፤ ጣቶችዎ የሚገፉት ከጎንና ከጎን ነው፣ እሷ የምትፈናጠረው ወደ ፊት ነው። ነፋሱ አንደኛው ጣት፣ ውኃው ሌላው ጣት ነው። በዚህ መንገድ ወደ ነፋሱ ምንጭ አቅጣጫ ጭምር፣ በሰያፍ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ መሄድ ይቻላል። ፊት ለፊት ግን አይቻልም።

አጥብቄ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ለጀማሪ የሚመች ያልነው የግራው ባሕር፣ ጸጥ ያለው ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ነው። የውኃውን ጸጥታ ያመጣው ያው ነፋስ እርስዎንም ከዳርቻው ያርቅዎታል። አውድማ ላይ ገበሬ እህሉን በላይዳ ሽቅብ ሲበትን ገለባው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። እርስዎም ከመግባትዎ በፊት አንድ እፍኝ አሸዋ ከፍ አድርገው ይልቀቁ፤ የሚበርበትን ይመልከቱ፤ ሲደክሙ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን የሚከራዩበትን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ፦ ከዳርቻው ብርቅ በጀልባ የሚመጣልኝ ማን ነው? ለእርዳታ የሚሰጠው ምልክትስ ምንድን ነው? መመለስ ካቃተዎት ሰሌዳውን ትተው ለመዋኘት አይሞክሩ። ሰሌዳ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፤ የዋናተኛ ጭንቅላት ግን በአረፋ መካከል አይታይም።

የግሪክ የበጋ ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ነው። ነገር ግን በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ቦታው ከምድር ወገብ ራቅ ስለሚል የበጋው ቀን ይረዝማል። በዚያ ሰዓት ከአሸዋው ላይ ወደ ቀኙ ባሕር ዞረው ይቁሙ። ነፋሱ የሚመጣበትና ፀሐይዋ የምትገባበት አቅጣጫ ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱንም ፊትዎ ላይ ያገኟቸዋል።

ፀሐይ አድማስ ላይ ስትደርስ ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር፣ ከአናታችን በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው ወደ 40 እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ረጅም መንገድ ሰማያዊው ብርሃን ወደየአቅጣጫው ይበተናል፤ ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል። ደረቁ ሜልቴሚ ጭጋጉን ጠርጎ ከሆነ ቀለሙ የጠራ ይሆናል። ብርሃኗ ደክሞ ዓይን የማይወጋ ሲሆን ቅርጿን ያስተውሉ፤ ከላይና ከታች የተጫኗት ይመስል ጠፍጣፋ ናት። አየር ብርሃንን ያጎብጣል፤ ወደ አድማሱ የቀረበውን ታችኛውን ጠርዝ ከላይኛው አብልጦ ስለሚያጎብጥ ታችኛው ወደ ላይ የተሳበ ይመስላል። ታችኛው ጠርዟ ውኃውን ሲነካ በሚያዩበት ቅጽበት፣ ፀሐይዋ በእውነቱ ከአድማስ በታች ገብታለች ማለት ይቻላል፤ የሚያዩት አየር አጎብጦ ያቀረበልዎትን መልኳን ነው። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን ይቆያል፣ ሸራቸውን የሚጠቀልሉ ሰዎች ያለ መብራት የገመዱን ቋጠሮ ለመፍታት ይበቃቸዋል።